ድንኳኑን ለኳስ የዘረጋችው አየለች

አየለች መሞቷን የነገረኝ አቶ ማርቆስ ነው። የእድራችን ሊቀመንበር እሱ ስለሆነ የሞት ወሬ ሁሉ የሚመጣው በሱ ስልክ ነው። በዚያ በኮሮናው ክረምት ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ገና ሳላነሳው «ደግሞ ማን?» እል ነበር።

«እትዬ ፀሐይ፣ እስኪ ቁጭ ይበሉ» አለኝ።

ቆሜ ሰማሁት። «አየለች አረፈች። ሆስፒታል እንደገባች ቀረች።» ይህን ብሎ እሱ ራሱ ማልቀስ ጀመረና አይዞህ እያልኩ ያጽናናሁት እኔ ሆንኩ። መርዶ የተነገረው ሰው መርዶ ነጋሪውን ሲያባብል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አየለች ግን በሕይወት ሳለችም እንዲህ ነበረች፤ ተራዬን ትወስድብኝ ነበር።

«ቅርቧ እርስዎ ነበሩ» አለኝ ሲረጋጋ። «በቀብሯ ላይ የሚነገረውን እርስዎ ቢሉት ጥሩ ነው።»

ቅርቧ አልነበርኩም። ጎረቤቷ ነበርኩ። ልዩነቱን ከጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቶ የኖረ ያውቀዋል። አልናገርም አልኩት፤ ሌላ ሰው ተናገረ። «ለሁሉ ደራሽ» ተባለች፣ «የፍቅር እናት» ተባለች። ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን እንዲያ ተብሎ የተሸኘው ሰው ማንም ሊሆን ይችል ነበር። እኔ አየለችን ሳልፈልግ ነው ያወቅኋት፤ ሳይፈልግ ያወቀ ሰው ደግሞ አጥርቶ ያውቃል።

ሱቄ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ነው። ከፊቴ ቀጭን መንገድ አለ፣ ከመንገዱ ማዶ የሕዝብ ሜዳ። ሜዳው ላይ ሶፍትቦል ይጫወታሉ። ለማያውቀው ሰው፣ እንደ ገና ጨዋታ በዱላ የሚመታ ኳስ ነው፤ ይሄኛው ግን መሬት ለመሬት አይሄድም፣ ይበራል። መጠኑ ከትልቅ ብርቱካን ከፍ ይላል፣ ጥንካሬው የድንጋይ ነው። ስሙ ለስላሳ ኳስ ማለት ነው ሲሉኝ፣ ስም ያወጣለት ሰው ተመትቶበት አያውቅም ብያለሁ።

ቀድሞ በሜዳውና በመንገዱ መካከል ከፍ ያለ የሽቦ አጥር ነበር። አገሩ ሲዘጋ ሜዳውም ተዘጋ፣ ዘበኛውም ቀረ። ብረት ለቃሚዎች መጥተው ሽቦውን እንደ ምንጣፍ ጠቀለሉት፤ ምሰሶዎቹን ከሥራቸው በመጋዝ ቆርጠው በጋሪ ጫኑ። ከሲሚንቶው ውስጥ የቀረው የቱቦ ጉቶ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ በሱቄ ፍርግርግ ውስጥ ሆኜ አየሁ። ምን ልበል? ሰው አገር ነው፣ ብቻዬን ነኝ።

አየለች የመጣችው ከዚያ ትንሽ ቀደም ብላ ነው። ኮዝሞ ሲቲ የነበራት ሱቅ ተዘርፎባት፣ የተረፋትን መጋረጃና ብርድ ልብስ ባኪ በሚሉት ትንሽ የጭነት መኪና አስጭና መጣችና ከኔ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራየች። አገሯ ዱራሜ ነው። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በሃይማኖት ግን አንድ ቀንም ተነጋግረን አናውቅም። እሷ ግድግዳው ማዶ ትዘምራለች፣ እኔ ሬዲዮኔን ከፍ አደርጋለሁ፤ በቃ።

በመጀመሪያው ቀን ሱቄ ገብታ «እትዬ፣ ስኳር አለሽ?» አለችኝ። አለሽ! በሷ አገር ታላቅን «እርስዎ» ማለት አልተለመደም፤ አውቃለሁ። ሌላው የአገሯ ሰው ግን ጆሃንስበርግ ሲከርም ይማራል፣ እኔንም ሁሉም እርስዎ ነው የሚለኝ። እሷ አልተማረችም። ጊዜ እየቆየ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። እኔን እርስዎ የሚሉኝ ሰዎች የሚገዙትን ገዝተው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይሄዳሉ። እሷን አንቺ የሚሏት እነዚያው ሰዎች ደግሞ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ከኔ ሱቅ የገዙትን ቀዝቃዛ መጠጥ እሷ ቤት ቁጭ ብለው ይጠጡታል። ጠርሙሱን ለመመለስ እንኳ እሷን ነው የሚልኳት።

ልብስ ትነካካለች። ሰላም ስትልህ እጅህን ሳይሆን የሸሚዝህን ጫፍ ነው የምትይዘው፤ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ እሽት፣ እሽት ታደርገዋለች። «ይሄ ሁለት እጥበት አለው፤ ሦስተኛውን አይችልም» ትላለች። ሰው ይቆጣል ስል ይስቃል። የሰፈሩ ሰው ስም ሲያወጣላት ጊዜ አልወሰደበትም፤ «ማማ ከርተን» አሏት፣ መጋረጃዋ እናታችን ማለታቸው ነው። እኔ ከሷ በፊት ስንት ዘመን እዚያው መንገድ ላይ ዳቦ ስሸጥ ስሜ «ሾፕ» ነው። «ሾፕ፣ አንድ ዳቦ!» ይላሉ።

እኔ ግን ቁልፉ ነበረኝ።

እድራችንን የመሠረትነው እኔና ሟች ባለቤቴ ከጥቂት ሰዎች ጋር ሆነን ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስት ከሱቄ ጀርባ በተከራየነው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ቁልፉ በኔ አንገት ላይ ነው። ሰው ሲሞት ከቄሱም ከፓስተሩም በፊት የሚደወለው ለኔ ነበር። «እትዬ፣ ይክፈቱልን።» ሰሜን በለው ደቡብ፣ ጴንጤ በለው ኦርቶዶክስ፣ ያን ቀን ሁሉም በኔ በር ያልፋል። ሰው የሚፈልገኝ በክፉ ቀኑ ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይፈልገኛል። ኮሮና መጥቶ ለቅሶ መቀመጥ ሲከለከል ሰው ከምንጊዜውም በላይ እየሞተ በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ። ቁልፉ አንገቴ ላይ እንዲያው ጌጥ ሆኖ ቀረ።

በጸደይ ሜዳው ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ቅዳሜዎች ከተጫዋቾቹ ይልቅ መንገደኛው ነበር ኳሷን የሚያያት። ሰው ተራርቆ እንዲቆም ሱቄ ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ መስመር አስምሬ ነበር። ጡረተኛው ባባ ሞሎይ መስመሩ ላይ በሥርዓት ቆሞ ዳቦውን ሲጠብቅ ኳስ መጣና ትከሻውን አለው። አጥንቱ ተሰበረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ የአንድ ሚኒባስ ታክሲ የፊት መስታወት ረገፈ።

ሹፌሮቹ ተሰብስበው መጡ። የሴቶቹ ቡድን አሠልጣኝ ኖምሳ ከሜዳው ወጣች፤ ግዙፍ ሴት ናት፣ ስትናገር መንገዱ ይሰማታል። እኔና አየለችም ከየበራችን ወጣን።

«እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ መጠጥ ትሸጣላችሁ፣ እኛ መስታወት እንገዛለን!» አለ መስታወቱ የተሰበረበት ሹፌር ወደኔ እያየ።

«ኳሱን የመታሁት እኔ ነኝ?» አልኩት።

«ልጆቹ እዚህ ካልተጫወቱ የት እንዲውሉልህ ነው? መጠጥ ቤት?» አለችው ኖምሳ።

«አንድ ኳስ» አለ ሹፌሩ ጣቱን አውጥቶ። «አንድ ኳስ ደግሞ መንገዱ ላይ ይውደቅ፤ ታክሲዎቻችንን ሁሉ አምጥተን ሜዳው መሃል ነው የምናቆማቸው። ከዚያ ተጫወቱ።»

ሜዳው ከተዘጋ እኔም መዝጋቴ ነው። በዚያ ዓመት ከቅዳሜ ሌላ ገበያ አልነበረኝም፤ ቅዳሜን የሚያመጡልኝ ደግሞ ተጫዋቾቹ ናቸው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤት ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ፣ ግንብ ይሠራልን ብዬ እንደጠየቅሁ፣ ጠብቂ እንደተባልኩ ነገርኳቸው። ይህን እዚህ የምጽፈው ስለ መንገዱ መጀመሪያ የጮህኩት እኔ መሆኔን ማንም ስለማያነሳው ነው። ሹፌሩ እንኳ እየሰማኝ መስታወቱን ይለቅም ነበር።

አየለች ያን ጊዜ በዚያ በተሰባበረ ዙሉና እንግሊዝኛዋ «እኛ ትልቅ ድንኳን አለን» አለች።

ሁሉም ወደሷ ዞረ። እኔ ደሜ ፈላ። ሰዎቹ ሲበተኑ ሱቄ ድረስ ተከትላኝ ገባች።

«ድንኳን ለለቅሶ ነው» አልኳት።

«ለቅሶ የት አለ አሁን? ተከልክሎ የለም?»

«ሲፈቀድስ?»

«ሲፈቀድ ድንኳኑ የት ይሄድብሻል? እናጥፈዋለን፣ እናመጣዋለን።»

«በኳስ የተበሳሳ ድንኳን ለቀስተኛ ላይ ልንዘረጋ?»

«እትዬ» አለችኝና የቀሚሴን እጅጌ ያዘች። «ያ ሽማግሌ ኳሱ ትከሻው ላይ ነው ያረፈው። ጭንቅላቱ ላይ ቢሆን ኖሮ የአገሩ ሰው ድንኳን ይተክልለት ነበር አይደል? ከሞተ በኋላ ከሚተከልለት ሳይሞት ቢተከልለት ምን ይላል?»

«አይሆንም።»

«እሺ» አለች። እሺ ስትል ደስ አይበላችሁ፤ የአየለች እሺ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ለማርቆስ ደወለች። ማርቆስ ለኮሚቴው ደወለ። እኔ ስንት ዓመት ቆሜ የማስፈጽመው ነገር እሷ ድስቷን ሳታወርድ አለቀ። «እትዬ፣ ሁሉም ተስማምቷል፤ ቁልፉን ለልጆቹ ይስጡልን» አለኝ ማርቆስ በስልክ። ሰጠሁ። ሰጥቼ ሱቄን ቆለፍኩ፣ ስልኬን አጠፋሁ፣ ከጀርባ ያለችው ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ። ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ሱቅ ዘግቼ አላውቅም፤ ይወቁት ብዬ ነው።

አሁን የምነግራችሁን የሌላ አገር ሰው አይሠራውም።

የእድራችን ወጣቶች ድንኳን የሚተክሉበት አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቁት። ኳስ መከለያ ይሁን ተብሎ ሲታዘዙም እጃቸው የለመደውን ሠራ። ሙሉውን ድንኳን፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውን፣ ገመዱን ወጥረው፣ ካስማውን መትተው፣ በሜዳውና በመንገዱ መካከል፣ ልክ በኔ በር ትይዩ አቆሙት። አልበቃቸውም። ድንኳን ያለ ወንበር ምን ያደርጋል አሉ መሰለኝ፣ አግዳሚ ወንበሩን አውጥተው ግራና ቀኝ ደረደሩት። ከዚያ የየራሳቸውን ሱቅ ሊከፍቱ ሄዱ። አየለች ተጨማሪ ገመድ ልትገዛ ወጥታ ነበር።

ከጀፕስታውን የጅምላ ገበያ ዕቃ ጭነው የሚያልፉ ሁለት የእድሩ ሴቶች መኪናቸውን አቆሙ። ምን አዩ? የእድሩ ድንኳን ቆሟል፣ ወንበር ተደርድሯል፣ የእትዬ ፀሐይ ሱቅ በቅዳሜ ምድር ተዘግቷል። ስልኬ ላይ ደወሉ፤ ዝግ ነው። ጊዜው ደግሞ ሰው ማታ ደህና ውሎ ጠዋት የሚሞትበት ጊዜ ነው።

«ውይ! ውይ! እትዬ ፀሐይን!» የሚል ጩኸት ነው ከአልጋዬ ያስነሳኝ።

በፍርግርጉ ቀዳዳ አየሁ። ሁለቱ ሴቶች ደረታቸውን ይዘው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አንዷ እያለቀሰች ትደውላለች። ብዙም ሳይቆይ መኪና መጣ፣ ሌላ መኪና መጣ። ሰው አፉን በማስክ ሸፍኖ፣ ተራርቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ክልከላው ተረሳ። ለምን አልወጣሁም? ማን እንደሚመጣ ለማየት ነዋ። ይህን ለማየት የማይፈልግ ሰው ካለ እሱ ከኔ የተሻለ ነው፤ ይጸልይልኝ።

«ድንገት ነው የሄዱት፣ ምስኪን» አለች አንዷ።

«ማን አላቸው? ማንም የላቸውም እኮ።»

«ከባድ ሴት ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

«ከባድስ ከባድ ናቸው። እጃቸው ግን ንጹሕ ነው። የእድሩ አንድ ማንኪያ ጠፍቶ አያውቅም።»

እስኪ ጨምሩ አልኩ በልቤ። አልጨመሩም። አንዱ ሰውዬ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ «እንግዲህ ቁልፉ ማን ጋ ሊሆን ነው?» አለ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ እዚህ ስሙን አልጽፍም፣ ያነበበ ዕለት ራሱን ያገኘዋል።

ያን ጊዜ አየለች የገመድ ጥቅልል በትከሻዋ አድርጋ ከጥግ ብቅ አለች። ሰውን ስታይ ቆመች። ሁለቱ ሴቶች ሮጠው አቀፏት። «አየለች፣ አይዞሽ! እህትሽን አጣሽ!» አሏት። ድንኳኑ ሁሉ ተነስቶ ወደሷ ሄደ። በኔ ለቅሶ፣ በኔ ደጃፍ፣ ሰው እሷን ከቦ ያጽናና ጀመር።

ድንኳኑ ለምን እንደቆመ እሷ ታውቃለች። ግን ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ኮሽታ እንዳልሰማች፣ ሬዲዮኔም እንዳልተከፈተ ያን ጊዜ ትዝ አላት መሰለኝ ገመዱ ከትከሻዋ ወደቀ። ሰዎቹን ጥሳ መጥታ የብረት በሬን በሁለት እጇ ትደበድበው ጀመር። የምትጮኸው በአገሯ ቋንቋ ነው። ከሁሉ ውስጥ የለየሁት ስሜን ብቻ ነው። በኋላ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«እትዬ! ተኳርፈን? ተኳርፈን ትሄጂብኛለሽ?»

በሩን ከፈትኩ።

አንዷ ሴት ጮኻ ወደ ኋላዋ ወደቀች። ሌላዋ «ጌታ ሆይ!» አለች። ማርቆስ ያን ጊዜ ገና ከመኪናው መውረዱ ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ «እትዬ፣ አሉ እንዴ?» አለኝ።

«የለሁም» አልኩት።

ሳቅ ሆነ፣ ለቅሶ ሆነ፣ እልልታ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? አየለችን አቀፋት። «እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ማረልሽ!» አላት። ስሞት የተጽናናችው እሷ፣ ስነሳ እንኳን ደስ ያለሽ የተባለችው እሷ። የሞትኩት እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

እሷ ብቻ ናት ወደኔ የመጣችው። የነጠላዬን ጫፍ ይዛ እሽት አደረገችው።

«እርጥብ ነው» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አልቅሰሽ ነበር?»

«ላብ ነው» አልኳት።

ጨዋታው ተጀምሮ ኖሯል። ገና ሰው ሳይበተን ኳስ መጣና የተወጠረውን ጣሪያ ሲመታው እንደ ከበሮ ጮኸ፤ ኳሱ ነጥሮ ሄዶ የአንዱን ለቀስተኛ መኪና መብራት ሰበረ። ሹፌሮቹ ከማዶ ፉጨታቸውን አቀለጡት። ወጣቶቹ ሲጠሩ መጥተው ገመዱን ይብስ ሊወጥሩ ተሯሯጡ።

«ተዉ!» አለች አየለች። «መጋረጃ ይወጠራል እንዴ? ፍቱት።»

ጣሪያውን ከግድግዳው አስለየች። የድንኳኑን ብረት አንዱን ባንዱ ላይ አስቀጥላ፣ ብረት ለቃሚዎቹ በተዉት የቱቦ ጉቶ ውስጥ እየሰካች አስቆመች፤ አንዳንዱ ልክ ገባ፣ አንዳንዱን በጨርቅ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ሸራውን ከላይ ሰብሰብ፣ ሽብሽብ እያደረገች አሰቀለችው፤ ከታች ጫፉን ሳታስር ለቀቀችው። ባለ እጥፋት መጋረጃ ሆነ። «የተወጠረ ይመልሳል፤ የላላ ይቀበላል» አለች። የመጣው ኳስ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋና ሥሩ ላይ ዱብ አለ፣ ሥራ ውሎ እንደገባ ሰው። ሹፌሩ ከታክሲው ወርዶ ሸራውን በጡጫ እየመታ ሞከረውና ሳቀ። ከላይ የሚያልፍ ኳስ ፈጽሞ አልጠፋም፤ በዚያ ዓመት ግን ታክሲ ሜዳው ላይ አልቆመም፣ የኔም ሱቅ አልተዘጋም።

ይህን ሁሉ ሠርታ ታቆም ይሆን ስል አላቆመችም። ብረቱ እንዳይሰረቅ ቅዳሜ ጠዋት ታስተክላለች፣ ጨዋታ ሲያልቅ ታስነቅላለች፤ ሸራው የሚያድረው እሷ ክፍል፣ ከብርድ ልብሶቿ ሥር ሆነ። ጋራዡ ባዶ ሲቀር ማርቆስ መጣና «ኪራዩን በከንቱ ከምንከፍል ብንለቀውስ?» አለ። ወንበሩና ድስቱ ወደየሰው ቤት ተበተነ። ቁልፉን ከአንገቴ አውጥቼ ለጋራዡ ባለቤት መለስኩ። ስሰጠው ገመዱ የነበረበት ቦታ ለቀናት በረደኝ።

ማርቆስ ፊቴን አይቶ ሊመክረኝ ሞከረ። «እትዬ፣ ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላል ቃሉ።»

«የኔ አጥንት ደህና ነው። አንተ ጉልበትህን ታከም» አልኩት።

ሸራው ሲቀደድ በትርፍ መጋረጃ ጨርቅ ትጥፈዋለች። ባለ ጽጌረዳ፣ ባለ ወፍ፣ ባለ ወርቅማ ቅጠል። የለቅሶ ድንኳን የሠርግ ቤት መሰለ። «ነውር ነው» ስላት «ለቀስተኛ አበባ አይቶ ቢጽናና ምን አለበት?» አለችኝ። ባባ ሞሎይ ትከሻው ሲድን ወንበሩን አምጥቶ ከሸራው ጀርባ፣ ከሷ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ኖምሳ ቡድኗ ሲያሸንፍ ዋንጫውን መጀመሪያ ለሷ አስያዘቻት። እኔ በዚያ ቀን ሚሪንዳ ሳጥኑን በሙሉ ሸጫለሁ፤ ቢሆንም ዋንጫ ያስያዘኝ የለም።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ዘገዩና «እትዬ፣ እስኪ ይሄን ገመድ ያዢልኝ» አለችኝ። ያዝኩ። «ላላ፣ ላላ አድርጊው። ምን አስጨነቀሽ?» አለችኝ። ገመዱን ጥዬ ገባሁ። ደግማ ጠራችኝ። ወጣሁ። ሳስበው የጠራችኝ ሁሉ ወጥቻለሁ፤ ይህም ያናድደኛል።

በክረምቱ፣ እዚህ ዝናብ ሳይኖር ብርዱ ሲበረታ፣ ጨዋታ በሌለበት ወር፣ ሳሏን በግድግዳው ሰማሁ። መጀመሪያ በመዝሙሩ መካከል ነበር፤ በኋላ መዝሙሩ ቀርቶ ሳሉ ብቻ ሆነ። አጥሚት ሠርቼ ደጃፏ ላይ አስቀምጣለሁ፣ በሯን አንኳኩቼ እመለሳለሁ። ባዶው ዕቃ ታጥቦ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ሳይነካ ቆየኝ። ማርቆስ ዘንድ ደወልኩ፤ አምቡላንሱን እሱ ጠራ።

ሲያወጧት በሬ ላይ ቆሜ ነበር። ማስኳን ዝቅ አድርጋ ልትናገር ስትል ሰዎቹ ከለከሏት፤ እምቢ አለች። እኔም ጠበቅሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ተጋርተን፣ ተኳርፈን፣ ተጠራርተን፣ የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«እትዬ፣ ሸራው ታጥቦ አልደረቀም። ሳይደርቅ እንዳትጠቀልሉት፣ ይሸታል» አለችኝ።

ሄደች። ያለችኝ ይህን ነው።

የቀብር ሰው በቁጥር ነበር፤ ስሜ ውስጡ ገባና ሄድኩ። ሬሳዋን አገሯ መላክ አልተቻለም። እዚሁ ጀርሚስተን፣ ነፋሱ ቀዩን አቧራ እያነሳ፣ ሁለት ሜትር ተራርቀን ቆመን አፈር መለስንባት። ድንኳን አልተተከለላትም። ሰው ሁሉ በየቤቱ፣ በየስልኩ አለቀሰላት።

ብርዱ ሲሰበር ኖምሳ መጣችና የጨዋታው ወቅት መቃረቡን ነገረችን። ማርቆስ የእድሩን ሰው በሜዳው ዳር ሰበሰበ፤ ማዶ ሹፌሩ ታክሲው ላይ ተደግፎ ይሰማናል፣ አማርኛ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል። ሽማግሌዎቹ ሸራው ወደ ክብሩ ይመለስ አሉ። አየለች ከሌለች ማን ይሰቅለዋል፣ ማን ያወርደዋል? ክልከላውም እየላላ ነው፤ ለቅሶ ሊፈቀድ ነው። ጋራዡን እንደገና እንከራየው፣ ቁልፉም ወደ ቦታው፣ ወደ እትዬ ይመለስ አሉ።

ዓመት ሙሉ የፈለግሁት ይህ ነበር። እኔ ሳልጠይቅ፣ በሁሉ ሰው ፊት ስሜ ተጠርቶ።

«እትዬ፣ ምን ይላሉ?» አለኝ ማርቆስ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ምን እንደምል አስቤ የመጣሁት ሌላ ነበር። መንገዱን አየሁት። ሰው ዳቦ ይዞ ያልፋል።

«ኳሱ ሰው መሞቱን አያውቅም» አልኩ። «ቅዳሜ ይመጣል። ይሰቀል።»

ከዚያ አንዲት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «እውነት ነው» አለች። «አየለች ሁልጊዜ የምትለው ነው።»

«አዎ፣ የሷ ቃል ናት» አለ አንዱ።

«እኔም ሰምቻታለሁ ስትል» አለ ሦስተኛው፣ በእግዜር ፊት።

ማርቆስ ስብሰባውን በጸሎት ሲዘጋ «እህታችን አየለች ትል እንደነበረው፣ ኳሱ ሰው መሞቱን አያውቅም» ብሎ ጀመረ። ኖምሳ ተተርጉሞላት ለተጫዋቾቿ በዙሉ ነገረቻቸው። ዛሬ ልጆቹ ሸራውን ሊሰቅሉ ሲሰንፉ እርስ በርሳቸው የሚባባሉት ያንኑ ነው፤ የአየለች ቃል እያሉ።

ያን ቀን ላርማቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሁሉም እያለቀሱ ነበር፤ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ አይታረምም። ስለዚህ ዝም አልኩ፣ ቅዳሜም ሲመጣ ገመዱን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

እዚህ ግን በቀለም ይቀመጥልኝ። አየለች ብዙ ነገር ብላለች፣ መልካም ነገርም ብላለች፤ ያን ግን አንድ ቀንም ብላ አታውቅም። ያልኩት እኔ ነኝ።